የቅዝቃዜ ሕክምና ታሪክ፤ ከበረዶና ከጨው እስከ ጤና ጣቢያ

መግቢያ

በደጋ አገር የሚኖር ገበሬ ውርጭ ምን እንደ ሆነ አስተማሪ አያሻውም። በኅዳርና በታኅሣሥ፥ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለበት ሌሊት፥ ማምሻውን ለምልሞ የታየው ባቄላ ሲነጋ እሳት የነካው መስሎ ይገኛል። ቅጠሉ ይጠቁራል፤ ይሟሽሻል፤ ገበሬውም «ውርጭ መታው» ብሎ ያዝናል። ይኸው አዝመራ የሚያጠፋ ኀይል በሐኪም እጅ ሲገባ ግን የታመመውን ሥጋ ገድሎ ጤናማውን የሚያተርፍ መሣሪያ ለመሆን በቅቷል። ይህ አሠራር ክሪዮሰርጀሪ ይባላል። ክሪዮስ ማለት በግሪክኛ ብርድ ማለት ነው፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «የቅዝቃዜ ሕክምና» እያልን እንጠራዋለን።

ስለዚህ ሕክምና የተጻፈውን ስንመለከት አንድ ጥያቄ ተነሣብን። በ1960ዎቹ ዓመታት የአንጎል፥ የዓይን፥ የቆዳ፥ የፕሮስቴትና የማኅፀን ሐኪሞች ይህን ጥበብ በአንድ ዘመን በደስታ ተቀብለውት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን አንዳንዶቹ ጣሉት፤ አንዳንዶቹ ጥለውት እንደ ገና አነሡት፤ ሌሎቹም እስከ ዛሬ ድረስ አልተለዩትም። ብርዱ ለሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ ዕድሉ ስለምን ተለያየ? የጽሑፋችን ዓላማ ይህን መመርመር ነው። መልሳችንን አስቀድመን በአጭሩ ብንናገር፥ የቅዝቃዜ ሕክምናን ዕድል የወሰነው የብርዱ ብርታት ሳይሆን ሦስት ነገሮች ናቸው እንላለን። አንደኛው ብርዱን ወደ ተፈለገው ቦታ ማድረስ፥ ሁለተኛው ብርዱ የሚሠራበትን ወሰን ማወቅ፥ ሦስተኛውም መሣሪያው በሽተኛው ባለበት ስፍራ መገኘቱ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ከበረዶና ከጨው እስከ ፈሳሽ ናይትሮጅን

ብርድ እብጠትንና ሕመምን እንደሚያስታግሥ የጥንት ሰዎች ያውቁ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ በግብፅ የተጻፈው የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ ለእብጠት ማቀዝቀዣ ያዛል፤ የግሪኩ ሂፖክራጥስም ቀዝቃዛ ነገር ደምን እንደሚያቆምና ሕመምን እንደሚያደነዝዝ ጽፏል። የናፖሊዮን ሠራዊት ሐኪም የነበረው ዶሚኒክ ዣን ላሬ በ1807 በአይላው ጦርነት ላይ፥ በብርዱ የደነዘዙ ቁስለኞች እጅና እግራቸው ሲቆረጥ ብዙ ሕመም እንዳልተሰማቸው ተመልክቷል። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ ብርድን የፈለጉት ለማደንዘዝና ለማስታገሥ ነው። በብርድ ሥጋን ሆን ብሎ መግደል ገና አልታሰበም ነበር።

ይህን በመጀመሪያ ያሰበውና በሥራ የፈጸመው ጄምስ አርኖት የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። አርኖት ከ1845 ጀምሮ የተፈጨ በረዶን ከጨው ጋር እየቀላቀለ ከዜሮ በታች ከ18 እስከ 24 ዲግሪ የሚደርስ ቅዝቃዜ አገኘ። ይህንንም በጡት፥ በማኅፀን በርና በቆዳ ላይ ለወጣ ካንሰር አዋለው። በሽተኞቹ ከካንሰሩ አልዳኑም፤ ነገር ግን ዕጢው አነሰ፥ ደሙ ቆመ፥ ሕመሙም ቀለለ። አርኖት መሣሪያውን በ1851 በሎንዶን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ አሳይቷል። ክሎሮፎርም በ1847 ወደ ሕክምና ገብቶ ሰዎች በማደንዘዣ ይሞቱ በነበረበት ጊዜ፥ ብርድ ከክሎሮፎርም ይልቅ የማያሰጋ ማደንዘዣ ነው ብሎ ተከራክሯል። የሚያሳዝነው በረዶና ጨው ከዚያ በላይ ሊቀዘቅዝለት አለመቻሉ ነው። ሐሳቡ ከመሣሪያው ቀድሞ ተወለደ ለማለት ይቻላል።

መሣሪያው የመጣው ከሐኪሞች ዘንድ ሳይሆን ከፊዚክስ ሊቃውንት ነው። በ1877 ፈረንሳዊው ካዬቴና የስዊሱ ፒክቴ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ኦክሲጅንን ወደ ፈሳሽነት ለወጡ። በ1892 ጄምስ ዲዋር አየር የሌለበት ሁለት ግድግዳ ያለውን ዕቃ ሠራ፤ ዛሬ በየቤታችን ቡና የምናስቀምጥበት ፔርሙዝ የዚህ ዕቃ ልጅ ነው። በ1895 ጀርመናዊው ካርል ፎን ሊንዴ ፈሳሽ አየርን በብዛት የሚያወጣ መኪና አቆመ። ወዲያውም በ1899 ካምቤል ዋይት የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም ፈሳሽ አየርን በጥጥ እየነከረ ልዩ ልዩ የቆዳ በሽታዎችን ማከሙን አስታወቀ። በ1907 የቺካጎው ዊልያም ፑዚ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ተኩል የሚቀዘቅዘውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ በረዶ በሥራ ላይ አዋለ። በ1950 ደግሞ አሊንግተን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሚደርሰውን ፈሳሽ ናይትሮጅን አስገባ።

እንግዲህ በ1950 ብርዱ እንደ ልብ ተገኝቷል፤ ነገር ግን አሁንም በጥጥ ጫፍ ላይ ነበር። ጥጥ ከቆዳ በታች ከጥቂት ሚሊሜትር የበለጠ ማቀዝቀዝ አይችልም። ስለዚህ የቅዝቃዜ ሕክምና ለግማሽ ምዕተ ዓመት የቆዳ ሐኪሞች ርስት ብቻ ሆኖ ቀረ።

ብርድ ሥጋን እንዴት ይገድላል?

ወደ ሌሎቹ የሕክምና ክፍሎች ከማለፋችን በፊት አሠራሩን በጥቂቱ መግለጽ አስፈላጊ ነው። ሥጋ ሲቀዘቅዝ በረዶ በመጀመሪያ የሚፈጠረው ከሕዋሳቱ ውጭ ነው። ይህ በረዶ ከሕዋሱ ውስጥ ውኃውን ስቦ ያደርቀዋል፤ በውስጡ የቀረው ጨውም ይበረታበታል። ቅዝቃዜው ፈጣን ከሆነ ግን ውኃው ለመውጣት ጊዜ ስለማያገኝ በሕዋሱ ውስጥ ራሱ ይረጋል፤ ይህም ይበልጥ ገዳይ ነው። የሁለቱን መንገዶች ልዩነት ፒተር ማዙር የተባለው ሊቅ በ1963 አስረድቷል። ሥጋው ሲሟሟ ደግሞ የደም ሥሮቹ ስለ ተጎዱ ደሙ ይረጋል፤ ከበረዶው የተረፈውም ሕዋስ ምግብ አጥቶ ይሞታል። ስለዚህ ሕጉ ፈጥኖ ማቀዝቀዝ፥ ቀስ ብሎ ማሟሟት፥ እንደ ገናም መድገም ነው።

ሁሉም ሕዋስ ግን በአንድ ደረጃ አይሞትም። ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ከዜሮ በታች ከ4 እስከ 7 ዲግሪ ድረስ ባለው ብርድ ይሞታሉ፤ የካንሰር ሕዋሳት ግን በእርግጥ እንዲሞቱ ከዜሮ በታች 40 ወይም 50 ዲግሪ ያሻቸዋል። ሥጋን አያይዞ የሚይዘው ጅማታዊ ክፍል ደግሞ ብርዱን ይችላል፤ ስለዚህ ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ያንሳል። ብርድ ከቢላዋና ከእሳት የሚለይበት ጠባይ ይህ ነው። ከዚህም ጋር አንድ ሌላ ጠባይ አለው፤ ጥቂት ብቻ የቀዘቀዘ ሥጋ ሥራውን ያቆማል እንጂ አይሞትም፤ ሲሞቅ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህ ጠባይ የአንጎል ሐኪሞችን ማርኳል።

የአንጎል ሕክምናና የኩፐር መሣሪያ

አርቪንግ ኩፐር በኒውዮርክ ከተማ በቅዱስ በርናባስ ሆስፒታል የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። በ1952 የፓርኪንሰን በሽታ ያለበትን ሰው ሲያክም ሳያስብ አንድ ትንሽ የደም ሥር ተቀደደበት፤ ደሙን ለማቆም ሥሩን ዘግቶ ቀዶ ሕክምናውን ሳይፈጽም አቆመ። በሽተኛው ሲነቃ ግን የእጁ መንቀጥቀጥ ጠፍቶ፥ ሰውነቱም ሳይሽመደመድ ተገኘ። ኩፐር ከዚህ በመነሣት በአንጎል ውስጥ ያለውን ጥቂት ክፍል መግደል በሽታውን እንደሚያስታግሥ ተረዳ። በመጀመሪያ አልኮል እየወጋ ሞከረ፤ አልኮል ግን ወዴት እንደሚፈስስ የሚያዝዘው የለም።

በ1961 ኩፐር አርኖልድ ሊ ከተባለ መሐንዲስ ጋር ሆኖ ፈሳሽ ናይትሮጅን በውስጡ የሚመላለስበት፥ ዙሪያው እንደ ፔርሙዝ በባዶ ቦታ የተከለለ፥ ጫፉ ብቻ የሚቀዘቅዝ ቀጭን ቱቦ ሠራ። ብርድ ከጥጥ ወጥቶ በአንድ ነጥብ ላይ የቆመው ያን ጊዜ ነው። በሽተኛው ነቅቶ እጁን እንዳነሣ፥ ሐኪሙ የቱቦውን ጫፍ በታላመስ ውስጥ በጥቂቱ ያቀዘቅዛል። መንቀጥቀጡ ቆሞ ሰውየው ያለ እክል ከተናገረና እጁን ካንቀሳቀሰ ቅዝቃዜው ይጨመርና ያ ቦታ ይሞታል፤ ክፉ ምልክት ከታየ ግን ወዲያው ይሞቃል፤ ጉዳቱም ይመለሳል። ከመቁረጥ በፊት መጠየቅ የሚችል መሣሪያ ለአንጎል ሐኪም ታላቅ ስጦታ ነበር።

ይሁንና ይህ ክብር ብዙ አልቆየም። በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት የፓርኪንሰንን በሽታ እንደሚያስታግሥ አሳየ፤ ራስ ቅላቸው ሳይበሳ በእንክብል የሚሻላቸው በሽተኞች በዙ። በ1987 ደግሞ በግሬኖብል ከተማ ቤናቢድ የአንጎሉን ክፍል ሳይገድል በኤሌክትሪክ የሚገታበትን ዘዴ ጀመረ። የአንጎል ሐኪሞች ቅዝቃዜውን ተዉት፤ «ከመግደል በፊት ሞክር» የሚለውን ትምህርቱን ግን አልተዉትም።

የዓይን ሕክምና

በዚያው በ1961 በፖላንድ አገር በሉብሊን ከተማ ታዴዎሽ ክርቫቪች ብርድን ለሌላ ጉዳይ አዋለው፤ ለመግደል ሳይሆን ለመያዝ። በዚያ ዘመን የዓይን ሞራ የሚወጣው ሌንሱን ከነሽፋኑ በመቆንጠጫ ስቦ ነበር፤ ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይቀደዳል። እርጥብ ጣት በጣም የቀዘቀዘ ብረት ሲነካ እንደሚጣበቅ ሁሉ፥ ክርቫቪች በካርቦን ዳይኦክሳይድ በረዶ የቀዘቀዘ ብረት ሌንሱን ሲያስነካው ተጣበቀለት፤ ሽፋኑም ሳይቀደድ ወጣ። ዘዴው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ አገር ተሠራበት። በኋላ ግን ሰው ሠራሽ ሌንስ በዓይን ውስጥ መትከል እየተስፋፋ ሲመጣ፥ አዲሱ ሌንስ የሚቀመጥበት የቀድሞው ሽፋን ሆነ። ብርዱ ከነሽፋኑ በመልካም ሁኔታ ያወጣው ስለ ነበር፥ የሚመሰገንበት ሥራ ራሱ ከአገልግሎት አስወጣው።

ከሬቲና ሕክምና ግን አልወጣም። ሬቲና ተቀዶ ከመደቡ ሲላቀቅ፥ ሐኪሙ ከዓይኑ ውጭ በኩል ቀዝቃዛ ጫፍ ያስነካል፤ የሚፈጠረውም ጠባሳ ሬቲናውን ከመደቡ ጋር ይሰፋዋል። ሃርቬይ ሊንኮፍ በ1964 ያስፋፋው ይህ ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ሬቲናም ብርድ ባለውለታ ነው፤ በ1988 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ክፉ ውጤትን ወደ ግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከዚያ በኋላ ሌዘር የተባለው ብርሃን ይህን ሥራ ተረክቦታል።

ፕሮስቴትና ልብ

የፕሮስቴት ዕጢ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ መስሎ ታይቶናል። በ1960ዎቹ አጋማሽ የኩፐርን ቱቦ የተከተሉ የቡፋሎ ከተማ ሐኪሞች፥ ጎንደርና ሶንስ፥ በሽንት ቧንቧ በኩል ዕጢውን ማቀዝቀዝ ጀመሩ። ብርዱ ደርሷል፤ ብርታትም አልጎደለውም። ነገር ግን ሐኪሙ የበረዶው ድቡልቡል እስከ ምን ድረስ እንደ ሰፋ ሊያይ አልቻለም፤ በጣቱ እየዳሰሰ ይገምት ነበር። በዚህም ምክንያት የሞተ ሥጋ የሽንቱን ቧንቧ ዘጋ፤ አንዳንዶቹም በሽንት መንገድና በፊንጢጣ መካከል ፊስቱላ ወጣባቸው። ሕክምናው ተተወ።

ጥበቡን ያስነሣው የበለጠ ብርድ ሳይሆን ዓይን ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ጋሪ ኦኒክና ባልደረቦቹ በአልትራሳውንድ የበረዶውን ጠርዝ እያዩ መሥራት ቻሉ፤ የሽንቱንም ቧንቧ በሞቀ ውኃ ቱቦ ከብርዱ ጠበቁት። ቀጥሎም በአርጎን ጋዝ የሚቀዘቅዙ ቀጫጭን መርፌዎች መጡ። ለኩላሊትና ለሌሎች ዕጢዎችም ይኸው መንገድ ተከፈተ። ያ የተጣለ ሕክምና ወሰኑ በታየ ጊዜ እንደ ገና ተነሣ።

በልብ ላይም ተመሳሳይ ነገር እናያለን። የልብ ምት ሲዛባ አጥፊውን መንገድ በብርድ መዝጋት በ1970ዎቹ በክፍት ቀዶ ሕክምና ተጀመረ፤ በኋላም ብርዱ በደም ሥር በሚገባ ቱቦ ተላከ። ሐኪሙ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ገደማ አቀዝቅዞ ይሞክራል፤ ደኅና ከሆነ ከ70 ዲግሪ በታች አውርዶ ይፈጽመዋል። ይህ የኩፐር ጥያቄ በልብ ውስጥ እንደ ገና መጠየቁ ነው። በ2010 የአሜሪካ መንግሥት የፈቀደው በብርድ የሚሠራ ፊኛም አለ። በ2016 ከ700 በላይ በሽተኞች የተሳተፉበት «እሳትና በረዶ» የተባለ ጥናት ፊኛውን በሙቀት ከሚተኩሰው ቱቦ ጋር ቢያወዳድር፥ ብርዱ ከሙቀቱ የማያንስ ሆኖ ተገኝቷል።

ቆዳና የአገራችን ቁንጭር

የቆዳ ሐኪሞች ብርድን ጥለውት አያውቁም፤ ምክንያቱም ከሦስቱ መመዘኛዎች ሁለቱ ከመጀመሪያውም ተሟልተውላቸው ነበር። ቆዳ ይደረሳል፤ በረዶውም ነጥቶ በዓይን ይታያል። በ1960ዎቹ እነ ዳግላስ ቶሬና ሴትራግ ዛካሪያን ናይትሮጅኑን የሚረጭ መሣሪያ ሲያስገቡ ከጥጡም ዐረፉ። ኪንታሮትና ከፀሐይ የሚመጣ የቆዳ ጉዳት ዛሬም በብዛት የሚታከሙት በዚሁ ነው።

በአገራችን ደግሞ ቁንጭር አለ። ይህ በደጋው በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፥ ተውሳኩም በሽኮኮ ላይ የሚኖር በሽታ የብዙ ሕፃናትን ፊት ያበላሻል። ለትንንሽ ቁስሎች ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል፤ ቀለም ሰጪ ሕዋሳት ከሁሉ አስቀድመው እንደሚሞቱ ከላይ ተናግረናል። ስለዚህ በነጭ ቆዳ ላይ ብዙም የማይታይ ነጭ ምልክት በእኛ ቆዳ ላይ ጐልቶ ይቀራል። በጠባሳው ምክንያት እንዳታፍር ልናክማት ያመጣናት ልጅ በሌላ ምልክት እንዳታፍር፥ ሰከንዱን የሚቈጥር ሐኪም የበሽተኛውንም መልክ መመልከት አለበት።

ሦስተኛው መመዘኛ፥ ማለት የመገኘት ጉዳይ፥ የሚያስቸግረውም እዚህ ላይ ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን በዕቃው ውስጥ እያለ በየቀኑ ይተንናል። አገራችን ይህን ፈሳሽ ለከብት ማዳቀል ሥራ ወደ ገጠር ስታጓጉዝ ኖራለች፤ ለሰውም ሕክምና በዚያው መጠን ቢታሰብበት መልካም ነበር እንላለን።

የማኅፀን በር

አርኖት በበረዶና በጨው የጀመረው የማኅፀን በር ሕክምና ከሁሉ በኋላ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው ያዳነ ሥራ ሆነ። ልዩነቱ አርኖት ካንሰሩን ሲያክም፥ የዛሬዎቹ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ማከማቸው ነው። ይህ ካንሰር በሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ይመጣል፤ ከቫይረሱ እስከ ካንሰሩ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያልፋል። በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ የተለወጠው ሥጋ ከተገደለ ካንሰሩ አይደርስም።

በሀብታም አገሮች ሴቲቱ ናሙና ትሰጣለች፤ ውጤት ትጠብቃለች፤ እንደ ገና ትጠራለች። በእግሯ ግማሽ ቀን ተጉዛ ለመጣች፥ ልጆቿን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ለወጣች እናት ግን ሁለተኛው ቀጠሮ ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ተፈለገ። ነርሷ የማኅፀኑን በር በአቼቶ ትቀባዋለች፤ የተለወጠው ሥጋ ካለ ይነጣል። ንጣቱ ከበሩ ገጽ ከ75 በመቶ ያነሰ፥ ሙሉ በሙሉ የሚታይና ካንሰር የማያስጠረጥር ከሆነ፥ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም በናይትረስ ኦክሳይድ የሚቀዘቅዝ ብረት ይደረግበታል፤ 3 ደቂቃ ይቀዘቅዛል፥ 5 ደቂቃ ይሟሟል፥ እንደ ገና 3 ደቂቃ ይቀዘቅዛል። ሴቲቱ በዚያው ቀን ታክማ ትመለሳለች። በታይላንድ በ2003 የታተመ ጥናት ነርሶች ይህን ያለ ችግር መሥራት እንደሚችሉ አሳየ። በደቡብ ሕንድ በ2007 የታተመውም በአቼቶ የተመረመሩ መንደሮች ውስጥ በዚህ ካንሰር የሚሞቱ ሴቶች ቍጥር በ35 በመቶ መቀነሱን ገለጸ።

በኢትዮጵያ የማኅፀን በር ካንሰር በሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚገኝ ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2015 ያወጣው መመሪያ ይህንኑ የአቼቶና የቅዝቃዜ ዘዴ ለሕዝብ አገልግሎት አጽድቋል፤ በታኅሣሥ 2018 ደግሞ ለልጃገረዶች ክትባቱ ተጀመረ። አንጎልን ለመፈወስ በኒውዮርክ የተሠራው ጥበብ በአገራችን ጤና ጣቢያ በነርስ እጅ ላይ ዐርፏል።

ነገር ግን ጋዙ የሚመጣው በከባድ ሲሊንደር ነው። ሲሊንደሩ ያለቀበት ጤና ጣቢያ መሣሪያውም ነርሷም እያሉ እናቲቱን «ሌላ ጊዜ ነይ» ብሎ ይመልሳታል፤ ያ ሌላ ጊዜ ደግሞ ላይመጣ ይችላል። ይህን ችግር በማየት የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በኤሌክትሪክ ወይም በባትሪ ኀይል 100 ዲግሪ ያህል ሞቆ በግማሽ ደቂቃ ገደማ የሚሠራውን የሙቀት መሣሪያ ለዚሁ አገልግሎት ተቀበለ፤ መሣሪያው ወደ አገራችንም ገብቷል። አባቶቻችን በጋለ ብረት ይተኩሱ ነበር፤ ሐኪሞች ከእሳት ወደ በረዶ ሄደው አሁን ደግሞ በአንድ በኩል ወደ እሳት ተመለሱ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? አርኖት ሐሳብ ነበረው፤ መሣሪያ ግን አልነበረውም። የቡፋሎ ሐኪሞች መሣሪያ ነበራቸው፤ ወሰኑን ግን አላዩም። ኩፐር ሁለቱም ነበሩት፤ ከዚያም የተሻለ መድኃኒት መጣ፤ ይህም ለበሽተኛው መልካም ሆነ እንጂ ውርደት አይደለም። የጤና ጣቢያው ነርስ ሁለቱም አሏት፤ የጎደላት የጋዝ ሲሊንደር ነው።

እኛ ተማሪዎች የሕክምናን ታሪክ ስናነብ አዲስ ነገር ያገኙትን ሰዎች ስም መቍጠር እንወዳለን። ይህ ክፉ አይደለም። ነገር ግን በብርድም ሆነ በእሳት አንድ ሕክምና ሥራውን ፈጸመ የሚባለው በሽተኛው ዘንድ በደረሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ የመሣሪያው ታሪክ ሲጻፍ የሲሊንደሩም፥ የመንገዱም፥ የነርሷም ታሪክ አብሮ ሊጻፍ ይገባል ብለን እናምናለን። ከትምህርት ጓደኞቻችን መካከል አንዱ ጋዙ ከፋብሪካው ወጥቶ እስከ ጤና ጣቢያው በር የሚሄድበትን ጉዞ መርምሮ ቢጽፍ፥ በዚህ ጽሑፍ የጀመርነውን እርሱ እንደ ፈጸመው እንቈጥረዋለን።